በአንድ ጣት የሚገድል መምህር የለም

እናንተዬ፣ ይኼ "በአንድ ጣት ነክቶ የመግደል ጥበብ" የሚባለው ወሬ የሚያረጀው መቼ ነው? ብሩስ ሊ በ1973 በአንጎል እብጠት ከሞተ ግማሽ ክፍለ ዘመን አለፈ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። ዛሬም ግን "አይደለም፣ ምስጢሩን ለውጭ ሰው ስላስተማረ በዲም ማክ ነክተውት ነው" የሚል አይጠፋም። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፣ ካሴቱ ተረሳ፤ ወሬው ግን ስልክ ውስጥ ገብቶ እንደገና ጎረመሰ። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰውዬ የተማሪውን አንገት ቸብ ያደርገዋል። ልጁ እንደ ጆንያ ይዘረራል። ከሥሩ "ጃፓኖች ለዘመናት የደበቁት ምስጢር" የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። እኛም ለጓደኛ እናስተላልፋለን።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥና ከዚያ እንከራከር። የሰው ገላ ላይ ከሌላው ይልቅ በቀላሉ የሚጎዱ ቦታዎች አሉ። ይኼ እውነት ነው፤ ጃፓኖችም አሳምረው ያውቁታል። ነገር ግን ምስጢር አይደሉም። "ምስጢር ናቸው" የሚለን ሰው የሚሸጥልን ነገር አለው ማለት ነው። ይህም ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው ነበር። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ የሌለውን የሞት ጣት ስናሳድድ፣ እውነተኛው ሞት መለማመጃ አዳራሹ ወለል ላይ አጠገባችን ቁጭ ብሎ አናየውም።

ሰሙና ወርቁ

ጃፓንኛው "ኪዩሾ" ይባላል። ሲፈታ "አጣዳፊ ቦታ" እንደ ማለት ነው። ጎ የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወቱ ጃፓኖችም ጨዋታውን የሚወስነውን ነጥብ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እኛ ደግሞ አንድ ሰው በማይሆን ስፍራ ሲመታ "ክፉ ቦታ አገኘው" እንላለን። ያው ነው።

ስሞቹን ስትሰሙ ግን ቅኔ የምትሰሙ ይመስላችኋል። ኮዶካን የሚባለው የጁዶ ማዕከል ከጥንቱ የጁጁትሱ ትምህርት ቤት ከተንጂን ሺንዮ ሪዩ በወረሰው ዝርዝር ውስጥ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ቦታ "ኡቶ" ነው፤ ቁራና ጥንቸል፣ ማለትም ፀሐይና ጨረቃ። ሰሌኑ፣ ይኸውም ከዓይን ጎን ያለው ስስ ቦታ፣ "ካሱሚ" ወይም ጉም ነው። ልብ ሥር፣ የጎድን አጥንቶች የሚለያዩበት ጉድጓድ "ሱይጌትሱ" ይባላል፤ ውኃ ላይ የምትታይ ጨረቃ። ከጎድን በታች በአንዱ ጎን "መብረቅ" አለ፣ በሌላው ጎን "የጨረቃ ጥላ"። "ትሱሪጋኔ" ደግሞ የተንጠለጠለ ደወል ማለት ነው። (የት እንደሚገኝ ልነግራችሁ አይገባም፤ ወንዶቹ ገብቷችኋል።)

ሰሙ ይኼ ነው። አሁን ወርቁን እንየው። ጉሙ ያለበት ቦታ አጥንቱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ለአንጎል ሽፋን ደም የሚያደርስ የደም ስር ያልፋል። ውኃ ላይ ያለችዋ ጨረቃ ስትመታ ለመተንፈስ የሚያገለግለን ጡንቻ ተኮማትሮ ትንፋሽ ይቆማል፤ ኳስ ሆዱን መትቶት የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ጉበት አለ። አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በድንገት ያዞርና አንጎልን ይንጠዋል። ደወሉንም ሆነ ዓይንን ለማብራራት መጽሐፍ አያስፈልግም።

ታዲያ ምኑ ነው ምስጢሩ? መስከረም 2004 በርናርድ ሆፕኪንስ ኦስካር ዴ ላ ሆያን በዘጠነኛው ዙር ጉበቱ ላይ መትቶ ሲያንበረክከው ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ሆላንዳዊው ባስ ሩተን በ1990ዎቹ እዚያው ጃፓን፣ ፓንክሬዝ በሚባለው ውድድር፣ በጉበት ምት ስም አትርፏል። ማንም ጥቅልል ብራና አልገለጠላቸውም። ጂም ገብተው ላባቸውን ጠብ አደረጉ እንጂ። የእኛም ቋንቋ ቢሆን ባዶ አይደለም፤ የጆሮ ግንድ፣ ማንቁርት፣ ብሽሽት፣ ማጅራት እንላለን። አዲስ አበባ ውስጥ የሌሊት ቀማኛን "ማጅራት መቺ" ብለን የሰየምነው ኦኪናዋ ድረስ ሄደን ተምረን ነው እንዴ?

ሦስት ቀን ቆይቶ የሚገድለው ምት

"ኖ፣ አንተ የምታወራው ስለ ተራው ነው፤ እኛ የምንለው ስለ ጥልቁ ነው" የሚል ወዳጅ ይመጣል። ጥልቁ የሚባለው ምንጩ በዋናነት ቡቢሺ ነው። ቡቢሺ ከቻይና ወደ ኦኪናዋ የገባና የካራቴ ሊቃውንት በእጃቸው እየገለበጡ የተቀባበሉት ጽሑፍ ነው። ተራ ነገር አይደለም፤ ሚያጊ ቾጁን "ጎጁ" የሚለውን የትምህርት ቤቱን ስም ያገኘው ከዚሁ ጽሑፍ ነው፤ ማቡኒ ኬንዋም ከፊሉን በ1934 አሳትሞታል። ልብ በሉ፣ በ1934! ይኼ "የተደበቀ ምስጢር" ከታተመ ዘጠና ዓመት አለፈው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛም መጻሕፍት መደብር ውስጥ ይገኛል።

ቡቢሺ ውስጥ የሚመቱ ቦታዎች አሉ፣ የመድኃኒት ቅመማዎች አሉ። ቀኑን በአሥራ ሁለት ክፍለ ሰዓት ከፍሎ "በዚህ ሰዓት ይህን ቦታ የተመታ ይሞታል" የሚል ትምህርትም አለ። መነሻው ደምና የሕይወት ኃይል በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ጎዳና ይዞራሉ የሚለው የጥንት የቻይና ሕክምና ነው። ለዘመኑ የተከበረ አስተሳሰብ ነበር። አውሮፓም ሐኪሞቿ ለትኩሳት ደም ሲያፈስሱ ኖረዋል። የዛሬ ሐኪም ደም ስላላፈሰሰልን ግን "ጥልቁን ደበቀን" አንለውም። ደም ዝውውር ላይ በሰዓት የሚከፈትና የሚዘጋ በር እንደሌለ እናውቃለና።

"ተመትቶ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ" የሚለው ታሪክስ? እርሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ተነሥቶ፣ አውርቶ፣ እራቱን በልቶ፣ አንጎሉ ዙሪያ ቀስ በቀስ ደም ሲጠራቀም ቆይቶ ሊሞት ይችላል። ጣፊያው የተሰነጠቀም ሰው እንዲሁ ቆይቶ ሊወድቅ ይችላል። ሲቲ ስካን በሌለበት ዘመን ይህን ያየ ሰው "ሦስት ቀን ቆይቶ የሚገድል ምት" ቢለው አልፈርድበትም። የምፈርደው ሲቲ ስካን ባለበት ዘመን ያንኑ በሰርተፊኬት በሚሸጠው ላይ ነው።

የካኖ መልስ

ለዚህ ክርክር ከሁሉ የበለጠውን መልስ የሰጠው ጃፓናዊ ነው፤ ካኖ ጂጎሮ። በ1882 አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት ምንጣፍ ዘርግቶ ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ ኮዶካንን ሲጀምር፣ ምቶቹን ሁሉ ያውቅ ነበር። ከላይ ቅኔ ስማቸውን የጠቀስኳቸውን ነጥቦች የምታስተምረው ተንጂን ሺንዮ ሪዩ የተማረባት ቤት ነች። ሆኖም ምቶቹን ከነፃ ፍልሚያው አወጣቸው። አልጣላቸውም፤ "ካታ" በሚባለው በቅደም ተከተል በሚሠራው ልምምድ ውስጥ አስቀመጣቸው። ነፃ ፍልሚያው ውስጥ ያስቀረው፣ ሁለት ሰዎች ሙሉ ኃይላቸውን ተጠቅመው፣ አንዱ ከልቡ እየተከላከለ፣ ነገም ተመልሰው መምጣት የሚችሉበትን ብቻ ነው።

ውጤቱስ? የካኖ ልጆች "ገዳይ" ሙያ እንዳላቸው ከሚናገሩ የቆዩ ትምህርት ቤቶች ሰዎች ጋር በ1880ዎቹ ገጥመው ስማቸውን ተከሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየቀኑ የሚቃወምህን ሰው የምትጥል ከሆነ፣ መጣል ትችላለህ። በየቀኑ የማይቃወምህን ሰው "የምትገድል" ከሆነ፣ የቻልከው ቲያትር ነው።

ስለዚህ "የእኛ ሙያ ለመፈተን በጣም አደገኛ ነው" የሚለኝ መምህር ካለ ካኖ ከ140 ዓመት በፊት መልሶለታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያልታለበች ላም ደግሞ ለቁርስ አትሆንም።

ሲፈተን ምን ሆነ?

አልፎ አልፎ ግን ላሚቱ ወደ ምድር ትወርዳለች። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የቺካጎው ጆን ኪሃን ራሱን "ካውንት ዳንቴ" ብሎ፣ "በዓለም ላይ ከሁሉ ገዳዩ ሰው" ብሎ፣ የዲም ማክን ምስጢር በልጆች የሥዕል መጽሔቶች ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር። በፖስታ! ምስጢር ብሎ ነገር። በ1975፣ ገና በ36 ዓመቱ፣ ጨጓራው ደምቶ ሞተ። ነፍስ ይማር፤ ግን ጨጓራው በየትኛው ሰዓት እንደሚደማ ጥበቡ አልነገረውም።

ቀጥሎ ጆርጅ ዲልማን የሚባል አሜሪካዊ መምህር መጣ። እርሱና ተማሪዎቹ ነጥቦቹን ከመንካት አልፈው ሳይነኩ ሰው እናደነዝዛለን አሉ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የናሽናል ጂኦግራፊክ ቴሌቪዥን ካሜራ ፊት አንድ ጣልያናዊ ሳይንቲስት ላይ ተሞከረ። ሰውዬው ቆሞ ቀረ። ማብራሪያውስ? ምላሱን ያስቀመጠበት ቦታ ሊያከሽፈው ይችላል፤ የእግሩን ጣት ማንሣቱም እንዲሁ። እስቲ አስቡት፤ ለሺህ ዓመታት የተጠበቀው ገዳይ ጥበብ በእግር ጣት ሲሸነፍ!

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ጃፓን ውስጥ በ2006 የሆነው ነው። ያናጊ ሪዩከን የሚባል አረጋዊ መምህር ተማሪዎቹን እጁን ወዝወዝ አድርጎ በርቀት ይጥላቸው ነበር። 200 ጊዜ ገጥሞ አንድም ጊዜ አለመሸነፉ ይወራለት ነበር። በገንዘብ ውርርድ ከአንድ የኤምኤምኤ ተፋላሚ ጋር ገጠመ። እጁን ዘረጋ። ልጁ አልወደቀም። ብዙም ሳይቆይ መምህሩ በቡጢ ተመትተው ወለል ላይ ነበሩ። እኔን ያሳዘነኝ የሰውዬው መሸነፍ አይደለም። ሰውዬው አምኖበት መግባቱ ነው። አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ አይገጥምም ነበር። ለዓመታት በአክብሮት እየወደቁለት ያሳበዱት ተማሪዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ "እኔ ብቻ ባልወድቅ መምህሬን አዋርዳለሁ" ብሎ ወደቀ፤ የሁሉም ይሉኝታ ተደምሮ አንድ ሽማግሌን ቀለበት ውስጥ አስገባ። ይሉኝታ ጃፓን ብቻ ነው ያለው የሚል እጁን ያውጣ።

"በዓይኔ አይቻለሁ"

"ሳይነኩ መጣሉን ተወው፤ አንገቱን ቸብ ተደርጎ የወደቀ ሰው ግን በዓይኔ አይቻለሁ" ትሉኛላችሁ። አምናለሁ። አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ግራና ቀኝ፣ የደም ግፊትን የሚቆጣጠር ቦታ አለ። እዚያ ያረፈ ምት ልብን አዘግይቶ ግፊትን አውርዶ ራስ ሊያዞር ይችላል። በዚህ ላይ የሚመታው ልጅ ዝም ብሎ ቆሞ፣ ይወድቃል ተብሎ ተነግሮት፣ ከኋላው ሁለት ደጋፊ ተመድቦለት፣ መቶ ሰው እያየው እንደሆነ አስቡ። ከወደቀው ግማሹ ፊዚዮሎጂ ነው፣ ግማሹ ጀማው ነው።

ጁዶ ውስጥ ደግሞ ይህንኑ አንገት ያለ ምንም ድግምት ያውቁታል። ማነቅ ይባላል። ወደ አንጎል የሚሄዱትን ሁለቱን ትልልቅ የደም ስሮች በትክክል የዘጋ ሰው ተቀናቃኙን በአሥር ሰከንድ ገደማ ራሱን ያስታል። በግልጽ ይማሩታል፣ በሚታገል ሰው ላይ ይሞክሩታል፣ ተያዡ በእጁ ሲመታ ይለቁታል፣ ሕፃናት ላይ ይከለክሉታል። እውነተኛ እውቀት እንዲህ ነው፤ ሕግ አለው፣ ዳኛ አለው፣ የዕድሜ ገደብ አለው።

የሴሚናሩ ቸብታ ግን ምንም የለውም። አንገት ላይ የሚያርፍ ምት የደም ስሩን የውስጥ ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ከስንጥቁ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ይህ ዓይነቱ ስንጥቅ ወጣቶችን ለስትሮክ ከሚዳርጉ የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለፎቶና ለጭብጨባ ሲባል የ20 ዓመት ልጅ አንገት መምታት ጥበብ ሳይሆን ቅብጠት ነው።

ግማሹ የተሰረቀ ጥበብ

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ።

በጥንቶቹ የጁጁትሱ ቤቶች የመግደያው ዘዴ ብቻውን አይሰጥም ነበር። "ሳፖ" የመግደያው መንገድ ነው፤ "ካፖ" ደግሞ የማንቃቱ፣ ሕይወት የመመለሱ መንገድ። ሁለቱ መንታ ናቸው። የት ብትመታ እንደሚወድቅ የተማረ ሰው፣ የወደቀውን እንዴት እንደሚያነሣም መማር ነበረበት። ለዚህም ነው የጁጁትሱ መምህራን ብዙውን ጊዜ ወጌሻ የነበሩት። ወጣቱ ካኖ መምህር ሲፈልግ ያፈላለገው በወጌሻዎች በኩል ነበር፤ በ1877 መምህሩን ፉኩዳ ሃቺኖሱኬን ያገኘውም እንዲሁ ነው። ዛሬም ጃፓን ውስጥ ከጁዶ የወጣ፣ መንግሥት ፈተና አውጥቶ ፈቃድ የሚሰጠው የወጌሻ ሙያ አለ።

እንግዲህ የዛሬዎቹ ምስጢር ሻጮች ከዚህ መንታ ጥበብ የቱን ወሰዱ? ገዳዩን። የማንቃቱን ለማን ተዉት? ፖስተር ላይ አያምርም መሰለኝ።

ዋጋውን ግን እዩ። ጃፓን ውስጥ፣ የጁዶ እናት አገር ውስጥ፣ ከ1983 ጀምሮ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በትምህርት ቤት ጁዶ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል። ይህን ቆጥሮ አደባባይ ያወጣው የናጎያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኡቺዳ ሪዮ ነው። ልጆቹን የገደላቸው ኡቶ አይደለም፤ ካሱሚም አይደለም። አብዛኞቹ ጀማሪዎች ነበሩ፤ አወዳደቅ በቅጡ ሳይለምዱ ወደ ኋላ በሚጥል ጠረባ ተጣሉ፣ ጭንቅላታቸው ተናጠ፣ አንጎላቸው ዙሪያ ደም ፈሰሰ። ጭንቅላቱ ምንጣፉን ባይነካ እንኳ ንቅናቄው ብቻ የደም ስሩን ሊበጥስ ይችላል። በ2012 ማርሻል አርት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሲሆን ወላጆች የጮኹት በከንቱ አልነበረም።

ሦስት ቀን ቆይቶ የሚገድለው ምት ይኸውላችሁ! ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም፤ ቅኔ ስም አልወጣለትም። "ራሴን አመመኝ" ያለ ልጅ "ተነሥ፣ ወንድ ሁን" ሲባል ያኔ ነው ምቱ የሚያርፈው።

ልብስ? ልብም የራሷ ሰዓት አላት፤ ግን የቡቢሺው ሰዓት አይደለም። ደረት ላይ ያረፈ ምት ልብ ለቀጣዩ ምቷ በምትዘጋጅበት በሃያ ሚሊሰከንድ ገደማ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ፣ ጤነኛዋ ልብ መምታቷን ትታ ትርገፈገፋለች። የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ነው! ይህን አነጣጥሮ የሚመታ መምህር አልተፈጠረም። በዕድል ብቻ ይሆናል፤ በኳስም በክርንም። ጥር 2 ቀን 2023 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ዳማር ሃምሊን በሚሊዮኖች ፊት ሜዳ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያዳነው ምንድነው? የክለቡ ባለሙያዎች ወዲያው ደረቱን መጫናቸውና የልብ ማስነሻ መሣሪያው እዚያው መገኘቱ። ዘመናዊው ካፖ ይኼ ነው። ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ።

"ሙያ በልብ ነው፤ ምስጢር ይከበር፤ የሰው ባህል አትንካ" ለሚለኝ የመጨረሻ መልሴ ይኼ ነው። የጃፓንን ባህል ያቃለለው ሁለቱን ከፍሎ ግማሹን ለገበያ ያወጣው ሰው ነው። እኔ የምለው ሙሉውን አምጡልን ነው። ስሞቹን እወዳቸዋለሁ፤ ውኃ ላይ ያለችዋን ጨረቃ ማን ይጠላል? ካታውን ሥሩ፣ ቡቢሺን አንብቡ፣ ታሪክ ነው። ዕቃ ቤት የተቀመጠ የአያት ጦር ያኮራል፤ ሚሳይል ነው ብላችሁ ግን አትሽጡልን።

እናንተም ካራቴ፣ ጁዶ፣ ቴኳንዶ የምትመዘገቡ ልጆች፣ ወርሃዊ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት መምህሩን ስንት ሰው መግደል እንደሚችል አትጠይቁት። እነዚህን ጠይቁት፤ አወዳደቅ ለስንት ሳምንት ነው የምታስተምረው? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ መቼ ነው ወደ ልምምድ የምትመልሰው? ልብ ስትቆም ደረት መጫን ታውቃለህ? የምታስተምረውን እምቢ በሚል ሰው ላይ እንድሞክረው ትፈቅድልኛለህ?

አራቱንም ከመለሰ መምህር ነውና ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። "ይኼ ለጀማሪ አይነገርም" ካለ ግን፣ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ እንደያዛችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። በእርሱ ቤት ከሁሉ በቀላሉ የሚጎዳው ቦታ እርሱ ነው።